ድብልብል የሸክላ አበባ ማስቀመጫ በመንኮራኩር ስለ መሥራት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ከተማው አልቆ ማሳ በሚጀምርበት ቦታ ነው፤ ከለገጣፎ ወጣ ብላ ባለች የቆርቆሮ ቤት። ለብርሃን ብዬ በሩን አልዘጋም። ስለዚህ አላፊ አግዳሚው ቆም ይላል። መጀመሪያ ዝም ብሎ ያያል። ጭቃው በእጄ መሀል ከፍ ከፍ ማለት ሲጀምር ግን ጥያቄው ይመጣል። ጭድ በአህያ ጭኖ የሚያልፈው ገበሬም፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመማር ከከተማ የሚመጣውም የሚጠይቀው ተቀራራቢ ነው። እዚህ የሰበሰብኩት እሱን ነው።

መንኮራኩር ስትይ የቱን ነው?

ዛሬ መንኮራኩር ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ወደ ጠፈር የሚተኮሰውን ነው። እኔ የምለው የሸክላውን ነው። በቋሚ ዘንግ ላይ የተቀመጠ፣ በእግር ወይም በሞተር የሚሽከረከር ክብ ሰሌዳ ነው። ጭቃው መሀሉ ላይ ይለጠፋል። ሰሌዳው ይዞራል፣ እጅ ባለበት ይቆማል። እጅ ካልተንቀጠቀጠ ዕቃው ክብ ሆኖ ይወጣል። ከተንቀጠቀጠ ደግሞ እያንዳንዷ መንቀጥቀጥ ጭቃው ላይ ትጻፋለች።

ጀበናና እንስራ ሲሠራ የኖረው ያለ እሱ አይደለም እንዴ?

አዎ። በአገራችን የሸክላ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የእጅ ነው። የአክሱም ዘመን ሸክላ ራሱ በመንኮራኩር የተሠራ አይደለም። ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ቀጨኔ ሄዳችሁ ብታዩ ሸክላ ሠሪ ሴቶቹ ጀበናውን፣ ድስቱን፣ ማሰሮውን የሚያወጡት በእጃቸው ነው። ትልቅ ዕቃ ሲሆን ዕቃው ቁጭ ብሎ ሠሪዋ ትዞረዋለች። የጀበናን ሆድ አንዴ በደንብ እዩት። ያለ ምንም ማሽን ያን ያህል ድብልብል ማድረግ ምን ያህል እጅ እንደሚጠይቅ የገባኝ ራሴ ስሞክረው ነው። ከስድስት ሙከራ በኋላም የእኔ ጀበና አንድ ጎኑ ያበጠ ነበር።

መንኮራኩሩ ከዚያ ሙያ ይበልጣል ብዬ አላስተምርም። ፈጣን ነው፣ እኩል የሆነ ቀጭን ግድግዳ ይሰጣል። ለአበባ ማስቀመጫ ይመቻል። ለምጣድ ግን ምንም አይጠቅምም።

ጭቃውን ከየት ታመጫለሽ? የጓሮዬ አፈርስ ይሆናል?

ይህ ከሁሉም በላይ የምጠየቀው ነው። መልሱም ረጅም ነው፤ ምክንያቱም የብዙ ሰው ሥራ የሚበላሸው ገና መንኮራኩሩ ላይ ሳይቀመጥ፣ አፈሩ ላይ ነው።

ከአዲስ አበባ በምሥራቅና በደቡብ በኩል፣ ወደ ሰንዳፋና ወደ አቃቂ ያለው ሜዳ ብዙው ዋልካ ነው። ክረምት ላይ ጫማ ይዞ የሚያስቀረው፣ በጋ ላይ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ጥቁር አፈር ማለት ነው። እጅ ላይ ሲይዙት እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ሰው በዚህ ይታለላል። መሬቱ ላይ እንደሚሰነጠቀው ሁሉ ዕቃውም ላይ ይሰነጠቃል። ውሃ ሲጠጣ በጣም ያብጣል፣ ሲደርቅ በጣም ይኮማተራል። ብቻውን አይሆንም።

ቀይ አፈር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ብዙ አይኮማተርም። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ጉልበት የለውም፤ ወደ ላይ ሲሳብ ይቀደዳል። እኔ ብዙውን ጊዜ ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ዋልካ፣ የቀረውን የተነፋ ቀይ የሸክላ አፈር አድርጌ እቀላቅላለሁ። ዋልካው ይለጥጠዋል፣ ቀዩ ያጸናዋል። የእናንተ አፈር ከእኔ ስለሚለይ መጠኑን እንዳለ አትውሰዱት። ሞክሩት።

ሙከራው ቀላል ነው። እርጥቡን ጭቃ እንደ እርሳስ አሹትና ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ካልተሰነጠቀ ይለጠጣል ማለት ነው። ቀጥሎ አንድ ጠፍጣፋ ቁራጭ ሥሩና ላዩ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ መስመር በቢላ ጫሩበት። ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ከዚያ መስመሩን ለኩት። ወደ 9 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ከወረደ በጣም የሚኮማተር ጭቃ ነውና ዋልካውን ቀንሱ። 9 ተኩል አካባቢ ከሆነ ደስ ይበላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ዋልካ ውስጥ ነጫጭ የኖራ ጠጠር ይገኛል። ሽምብራ የማታህል ፍሬ ትሆናለች። በወንፊት ካልወጣች ከቃጠሎ በኋላ የአየሩን እርጥበት እየጠጣች ታብጣለች። አንድ ጊዜ ያለ ምንም እንከን የወጣ ማስቀመጫ መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ በሳምንቱ ሆዱ ላይ የሳንቲም ያህል ቅርፊት ተፈንቅሎ አገኘሁት። ቅርፊቱ ሥር ነጭ ዱቄት ነበር። ከዚያ ወዲህ አፈሩን በደቃቅ ወንፊት ሳላሳልፍ አልነካም።

ጭቃው እንዴት ይዘጋጃል?

አፈሩ መጀመሪያ በደንብ ይድረቅ። ደረቅ አፈር ውሃ ውስጥ ሲገባ ራሱ ይፈረካከሳል፤ እርጥብ አፈር ግን እንደ ድንጋይ ይቀመጣል። በርሜል ውስጥ ዘፍዝፉት፣ እንደ ሙቅ እስኪሆን አማስሉት፣ በወንፊት አጥልሉት። ሲረጋ ላይ ያለውን ውሃ ቀንሱ። የቀረውን ጨርቅ በተነጠፈበት ጀሶ ላይ ወይም በማዳበሪያ ከረጢት አንጠልጥላችሁ አጠንፍፉት። ሊጥ ሲመስል በላስቲክ ጠቅልሉትና ይክረም። ሁለት ሦስት ሳምንት የከረመ ጭቃ ከትናንቱ በጣም ይሻላል። ይሸታል፤ ሽታው የጤና ነው።

ከመሥራታችሁ በፊት እንደ ዳቦ ሊጥ እሹት። ከሃምሳ እስከ መቶ ጊዜ። በሽቦ ሁለት ቦታ ቆርጣችሁ ውስጡን እዩ። የአየር ቀዳዳ ካለ ገና ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስንት ኪሎ ልያዝ?

1 ኪሎ ተኩል። ከዚያ በታች ከሆነ ድብልብሉ ብርቱካን ነው የሚያህለው፣ እጅም አይገባበትም። ከ2 ኪሎ በላይ ከሆነ ደግሞ መሀል ማስያዙ፣ ማለትም ጭቃው ሰሌዳው መሀል ላይ ሳይወዛወዝ እንዲዞር ማድረጉ፣ ያደክማችኋል። ከ1 ኪሎ ተኩል ሆዱ 16 ሴንቲ ሜትር አካባቢ የሚሆን ማስቀመጫ ይወጣል። ጽጌረዳ ለመያዝ ይበቃል።

ጭቃው መሀል አልይዝ አለኝ። እጄን ይዞ ይወዛወዛል።

እጃችሁን ስለሚያወዛውዘው ነው። እናንተ ናችሁ ልታቆሙት የሚገባችሁ።

ግራ ክርናችሁን ከጭናችሁ ወይም ከሆዳችሁ ጋር አጣብቁት። ክርን አየር ላይ ከተንጠለጠለ ጭቃው ያሸንፈዋል። ከሰውነት ጋር ከተጣበቀ ግን የሚገፋው ሙሉ ሰውነት ነው። ቀጭን ልጆች ከጠንካራ ጎረምሳ ቀድመው መሀል ሲያስይዙ ያየሁት ለዚህ ነው። ጎረምሳው በክንዱ ይታገላል፣ እነሱ ጎንበስ ብለው ክብደታቸውን ይጥሉበታል።

ሰሌዳው በፍጥነት ይዙር። ጭቃውን በሁለት መዳፍ ጨምቃችሁ እንደ ሞሰብ ክዳን ሾጠጥ አድርጋችሁ አውጡት። ከዚያ በአንድ እጅ ከላይ፣ በሌላው ከጎን ይዛችሁ ዝቅ አድርጉት። ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ አውጡ፣ አውርዱ። ስትለቁትም ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። እጅን ድንገት ማንሳት የተያዘውን መሀል ያስለቅቃል።

ዓይናችሁን ጨፍኑና በጣታችሁ ጫፍ ንኩት። የማይዘል ከሆነ ይዟል። የመሀል መያዝ ነገር ለአንዱ በቀን፣ ለሌላው በወር ይመጣል። ሳይዝ ወደሚቀጥለው አትለፉ። ጠማማ ጅምር ላይ ድብልብል አይቆምም።

ድብልብል ከሆነ የምፈልገው፣ ለምን ከመጀመሪያው አስፍቼ አልጀምርም?

የዚህ ገጽ ዋናው ነገር ይሄ ነው። ብትችሉ ሌላውን ዘልላችሁ ይህን አንብቡ።

ጀማሪ ሁሉ ክብ ሆድ ሲፈልግ ጭቃውን ከፍቶ ወዲያው ወደ ጎን ይገፋዋል። የሚያገኘው ሳህን ነው፤ ካልሆነም ጎድጓዳ ሰታቴ። አንዴ አፉ ከሰፋ በኋላ መልሶ ማጥበብ እጅግ ከባድ ነው። የሰፋው ከንፈር በፍጥነት ስለሚዞር ወደ ውጭ መሄድ ነው የሚፈልገው።

ስለዚህ ድብልብሉ የሚጀምረው ቀጥ ካለ ቱቦ ነው። ቁመቱ 20፣ ስፋቱ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ እንደ ትልቅ ኩባያ ቀጥ ያለ። እንዲያውም አፉ ከሥሩ ትንሽ ጠበብ ያለ ይሁን። ግድግዳውም በጣም አይሳሳ፤ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይቅር። ሆዱ ሲወጣ ይህ ጭቃ ይለጠጣል፣ ይሳሳል። አስቀድሞ የሳሳ ከሆነ የሚለጠጥ ነገር የለውም።

ቱቦውን ለማግኘት አውራ ጣታችሁን መሀሉ ላይ አስገቡና ክፈቱት። ሥሩ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ተዉ። ምን ያህል እንደቀረ በመርፌ ወግታችሁ ለኩ። ከዚያ አንድ እጅ ከውስጥ አንድ እጅ ከውጭ አድርጋችሁ ጭቃውን በጣቶቻችሁ መሀል ቆንጥጣችሁ፣ ከሥር እስከ ከንፈር በአንድ ፍጥነት ሳቡት። ሰሌዳው አሁን ዝግ ይበል። ሦስት ጊዜ መሳብ ይበቃል። በአምስተኛውና በስድስተኛው ጭቃው ውሃ ጠጥቶ ይደክማል።

እሺ ቱቦው ወጣ። ሆዱን እንዴት ነው የማወጣው?

ከውስጥ።

የውጭ እጃችሁ አይሠራም፤ ይጠብቃል። ሥራው ያለው ውስጥ ባለው እጅ ጣቶች ጫፍ ላይ ነው። ሰሌዳውን በጣም ዝግ አድርጉት፤ በአንድ ሰከንድ አንድ ዙር ቢሞላ በቂ ነው። ከሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ጀምሩ። ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ እየገፋችሁ ወደ ላይ ውጡ። መሀል ላይ ስትደርሱ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ ወደ ትከሻው ስትጠጉ ይቀንሳል። ከንፈሩ ጋ ስትደርሱ ምንም አትግፉ። አፉ እንደ ጠበበ ይቆይ።

በአንድ ጊዜ አታውጡት። በመጀመሪያው ዙር ሆዱ እንደ እንቁላል ይሆናል። በሁለተኛው እንደ ሎሚ። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ነው ድብልብል የሚሆነው። በየዙሩ መሀል ሰሌዳውን አቁሙና ራቅ ብላችሁ በጎን እዩት። ከላይ ወደ ታች እያያችሁ የምትሠሩት ዕቃ ሁልጊዜ ከእውነቱ የተሻለ ክብ ይመስላል። እኔ ፊት ለፊት ትንሽ መስታወት ግድግዳው ላይ ሰቅያለሁ። ቀና ስል ጎኑን ያሳየኛል፤ ጎንበስ ቀና ማለቱን ተገላግያለሁ።

ሆዱ ሲሰፋ ቁመቱ ይቀንሳል። 20 ሴንቲ ሜትር የነበረው 16 ወይም 17 ይሆናል። አትደንግጡ፤ ጭቃው የትም አልሄደም፣ ወደ ጎን ነው የሄደው።

በዚህ ደረጃ ውሃ አትጨምሩ። እጅ እንዳይዝ ብቻ ጣታችሁን በቀጭን ጭቃ አርጥቡ። መሣሪያ ከፈለጋችሁ ውድ ነገር መግዛት አያስፈልግም። የእንጨት ማንኪያ ጀርባ ከውስጥ ለመግፋት ግሩም ነው። ከውጭ ለማለስለስ የቅል ስባሪ ይበቃል፤ ሸክላ ሠሪዎቻችን ከጥንትም የሚፍቁት በእሱ ነው። ጊዜው ያለፈበት የኤቲኤም ካርድም ያገለግላል። አፉ ጠብቦ እጅ አላስገባ ካለ ቀጭን ዱላ ጫፍ ላይ ስፖንጅ እሰሩና በእሱ ግፉ።

ትከሻው ወደቀብኝ። ልክ ሊያልቅ ሲል!

የእኔም ሃያ ጊዜ ወድቋል። ከላይ ያለው የአንገቱ ክብደት የሚያርፈው ትከሻው ላይ ነው። ትከሻው እንደ ድልድይ ቅስት ጎበጥ ካለ ይሸከማል። ጠፍጣፋ ከሆነ ግን አይችልም፣ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። ድብልብል ለማድረግ ከመጓጓት የተነሳ ሰው የላይኛውን ግማሽ ጠፍጣፋ ያደርገዋል። ዕቃው ከኳስ ይልቅ ወደ ሽንኩርት ቢጠጋ ይሻላል። ሽንኩርት አይወድቅም።

ሌላው ምክንያት ጭቃው መድከሙ ነው። ሆዱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ተነሱ። ሂዱና ቡና አፍሉ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ትንሽ ጠፈፍ ይላል፣ ጉልበት ያገኛል። ቸኩያለሁ ካላችሁ የፀጉር ፎን ከሩቁ፣ ሰሌዳው እየዞረ አሳዩት። አንድ ቦታ ላይ አትያዙበት።

አንገቱስ እንዴት ይጠባል?

በሁለት እጅ እንደ ማነቅ ነው። አውራ ጣቶቻችሁና መሀል ጣቶቻችሁ ዙሪያውን ከበው፣ ሰሌዳው ፈጠን ብሎ፣ ወደ ውስጥና ወደ ላይ በአንድ ላይ ጨመቅ። ሲጠብ ጭቃው ይወፍራል፤ የወፈረውን መልሳችሁ በቀስታ ሳቡት። እንደገና አንቁት። ጭቃው እንደ ጨርቅ ሽብሽብ ማለት ከጀመረ በጣም ፈጥናችኋል። ከንፈሩን በመጨረሻ በቀጭን እርጥብ ጨርቅ ወይም በቆዳ ቁራጭ ክብ አድርጉት። ስለታም ከንፈር ይሸራረፋል።

መቀመጫው ሲደርቅ ለምን ይሰነጠቃል?

ሁለት ምክንያት አለው። ወይ ሲከፈት ሥሩ በጣት በደንብ አልተጫነም፣ ወይ ውስጡ ውሃ አቁሮ ቀርቷል። ከከፈታችሁ በኋላ ሥሩን ከዳር ወደ መሀል እየተጫናችሁ ሦስት አራት ጊዜ ሂዱበት። የቆመውን ውሃ በዱላው ስፖንጅ አውጡት፤ በተለይ አንገቱ ከመጥበቡ በፊት።

ሠርቼ ጨረስኩ። አሁን እንዴት ነው የማነሳው?

ባታነሱት ይሻላል። ከመጀመሪያው ክብ የኮምፔንሳቶ ቁራጭ ሰሌዳው ላይ በጭቃ ለጥፉና እሱ ላይ ሥሩ። ሲያልቅ ከነኮምፔንሳቶው ይነሳል። ሥሩን በሽቦ ወይም በዓሣ ማጥመጃ ክር ቆርጣችሁ ተዉት።

በማግስቱ ጥፍር ሲነካው ምልክት የሚቀበል፣ ሲጫኑት ግን የማይጎብጥ ይሆናል። ጠፈፍ ያለ የምንለው ይህን ነው። ያኔ ገልብጣችሁ፣ አፉን በእርጥብ ጭቃ ቀለበት ደግፋችሁ ሥሩን ፋቁት። የመቀመጫው ዙሪያ ሲፋቅ ነው ዕቃው ከመሬት ቀለል ብሎ የሚነሳው። በጣት ኳ ኳ እያደረጋችሁ ስሙት። ወፍራም ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ የሳሳው ቀጠን ያለ። ድምፁ ሲቀጥን አቁሙ። እኔ ሳላቆም ቀርቼ ስንቱን በስቻለሁ።

እዚህ አካባቢ ለማድረቅ ጥሩው ጊዜ የቱ ነው?

ብዙ ሰው በጋ ይመስለዋል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ነፋስ ግን ዋናው ጠላት ነው። የነፋሱ ጎን ይደርቃል፣ ሌላው ጎን እርጥብ ይቀራል፣ በመሀል ይሰነጠቃል። በዚህ ጊዜ በፌስታል ሸፍኑት፣ በየቀኑ አዙሩት፣ አንገቱን ጨርቅ አልብሱት። ቀጭኑ አንገት ከወፍራሙ ሥር ቀድሞ እንዲደርቅ መፍቀድ የለብንም። ክረምት ላይ ደግሞ አይሰነጠቅም፣ ነገር ግን ሦስት ሳምንት ቢቆይም እርጥብ ነው። መድረቁን ለማወቅ ጉንጫችሁ ላይ አስጠጉት። ከቀዘቀዛችሁ ውስጡ ገና ውሃ አለ።

እሳት ውስጥ ለምን ይፈነዳል?

በእንፋሎት ነው። አየር ነው የሚያፈነዳው ሲባል ትሰማላችሁ፤ ነገር ግን አየር የያዘ ደረቅ ዕቃ በሰላም ሲወጣ አይቻለሁ። ጭቃው ውስጥ የቀረ ውሃ ነው ድንገት ወደ እንፋሎት ተቀይሮ ግድግዳውን የሚበትነው። ከፍታችን ደግሞ ነገሩን ያፋጥነዋል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር አካባቢና ከዚያም በላይ ስለሆኑ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ እቶኑን 80 ዲግሪ ላይ ለሰዓታት አቆየዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያደረበትም ጊዜ አለ።

ከዚያ ቀስ እያለ ይወጣል። 573 ዲግሪ ላይ ጭቃው ውስጥ ባለው አሸዋ የሚገኘው ኳርትዝ የሚባለው ማዕድን ድንገት ያብጣል፤ ሲቀዘቅዝ እዚያው ላይ መልሶ ይኮማተራል። ሲወጣም ሲወርድም በዚህ አካባቢ መቸኮል ያሰነጥቃል። የመጀመሪያውን ቃጠሎ 950 ዲግሪ አካባቢ ላይ አቆማለሁ። እቶኑን የምከፍተው እጅ ሲያስገባ ብቻ ነው።

እቶን የሌለው ሰውስ? ቀጨኔ እንደሚደረገው ሜዳ ላይ በእንጨት፣ በኩበትና በባሕር ዛፍ ቅጠል ማቃጠል ይቻላል። ዕቃው መጀመሪያ እሳቱ ዳር ተደርድሮ በደንብ ይሙቅ። ጭቃውም አሸዋ ወይም የገል ዱቄት የገባበት መሆን አለበት፤ እሳቱ ድንገተኛ ስለሆነ ልሙጥ ጭቃ አይችለውም። ጎረቤትን አስቀድሞ መንገር ደግ ነው። ጭሱ ብዙ ነው፣ ልብስ ያሰጣ ሰው ይቀየማል።

አበባ ባስገባበት ውሃው አያፈስም?

አንዴ ብቻ የተቃጠለ ሸክላ ውሃ ያሳልፋል። እንስራ ውሃን የሚያቀዘቅዘው በዚሁ ነው፤ ላዩ ላይ የሚወጣው ውሃ ሲተን ውስጡን ያበርደዋል። ለእንስራ መልካም ነው፣ ለጠረጴዛ ግን ክብ የውሃ ምልክት ይተዋል። መፍትሔው ውስጡን ግሌዝ (እሳት ሲያገኝ ቀልጦ እንደ መስታወት የሚሸፍን ቅብ) ቀብቶ ለሁለተኛ ጊዜ ማቃጠል ነው። ካልሆነ የቀለጠ ሰም ውስጡን አዙሩበት። ወይም ትንሽ ብርጭቆ ውስጡ አስገቡና አበባውን እሱ ላይ አድርጉት። ምጣድ በጎመን ዘር እንደሚሟሸው ሊያሟሹት የሞከሩ አሉ፤ ለውሃ በቂ አይደለም።

መንኮራኩር ከየት ይገኛል? መብራቱስ?

ሞተር ያለው ከውጭ ይመጣል። ሞተሩ ከ400 እስከ 500 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ እንደሚወስድ አስቡና መብራት ቆጠረብኝ አትበሉ። ብዙ የሚበላው እቶኑ ነው።

መብራት ሲጠፋ ግን ሆዱ ግማሽ ላይ ይቆማል። ስለዚህ እኔ በእግር የሚገፋውን እወደዋለሁ። ጎበዝ ብየዳ ሠራተኛ ይሠራዋል። የመኪና ኩሽኔታ፣ ቀጥ ያለ የብረት ዘንግ፣ ከታች 50 ኪሎ የሚሆን የሲሚንቶ ክብ፣ ከላይ ሰሌዳ። የእኔ ብረቱ ከምናለሽ ተራ ተለቅሞ ነው የተገጣጠመው። ዘንጉ ቀጥ ማለቱን ሳታዩ ግን አትክፈሉ። ዘንጉ በጠመመ መንኮራኩር ላይ ማንም መሀል አያስይዝም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ መሥራት ይቻላል?

ይቻላል፣ ሁለት ነገር ብቻ ጠብቁ። የጭቃ ውሃ ወደ ሲንክ አትድፉ፤ ባልዲ ውስጥ ይርጋ፣ ላዩን ድፉ፣ ሥሩን መልሳችሁ ተጠቀሙበት። ደረቅ የጭቃ አቧራም በመጥረጊያ አትጥረጉ። ሳንባ ይጎዳል። በእርጥብ ጨርቅ አብሱት።

ሸክላ ሠሪ ሆንሽ ብለው ሰዎች አይንቁሽም?

ይህን የሚጠይቁኝ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ሸክላ የምትሠራን ሴት ቡዳ እያሉ፣ በሠራችው ድስት ግን ወጥ እየሠሩ ኖረዋል። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አወጁ። ስድቡ ግን ከአፍ ቶሎ አልወጣም። «ሸክላ ሠሪ በገል ትበላለች» የሚለውንም ሰው ሲተርት ስሰማ፣ ድስቱን ሁሉ ለእኛ ሸጣ ለራሷ ስባሪ የቀራት ሴት ናት የምትታየኝ።

እኔን አይንቁኝም። መንኮራኩር ላይ ስለተቀመጥኩና ማስቀመጫዬ የሚሸጠው ለሆቴል ስለሆነ «አርቲስት» ይሉኛል። ሳይለኩ የጀበና ሆድ የሚያወጡትን ሴቶች ግን እንዲህ የሚላቸው የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ቅዳሜ የሚመጡትን ተማሪዎች መጀመሪያ የማስያዛቸው ከቀጨኔ የገዛሁትን ጀበና ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሆዱን በመዳፋቸው ይዙሩት። ድብልብል ምን እንደሆነ እጃቸው ከዚያ ይማራል።

የተሰበረውንና የጠመመውን ምን ላድርገው?

ያልተቃጠለ ከሆነ አድርቁት፣ ሰባብሩት፣ በርሜሉ ውስጥ መልሱት። ከ600 ዲግሪ በላይ እሳት ያላየ ሸክላ ሁልጊዜ ወደ ጭቃነት ይመለሳል። የመጀመሪያ አሥር ሥራዎቻችሁን ሁሉ ቁረጧቸው። በሽቦ መሀል ለመሀል ከላይ እስከ ታች ሰንጥቃችሁ የግድግዳውን ውፍረት እዩ። የት ጋ እንደወፈረ፣ የት ጋ እንደሳሳ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ብዙ ጊዜ ሥሩ አንድ ጣት ያህል ወፍሮ፣ ሆዱ እንደ ወረቀት ሳስቶ ነው የሚገኘው።

የተቃጠለውን ስባሪ ደግሞ አትጣሉት። በሙቀጫ ውቀጡት። ስትወቅጡ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በደቃቅ ወንፊት ንፉና ከአሥር እጅ አንድ እጅ አዲሱ ጭቃ ላይ ጨምሩት። መኮማተሩን ይቀንሳል፣ እሳቱንም እንዲችል ያደርገዋል። የእኔ የአሁኑ ጭቃ ውስጥ ያ ቅርፊቱ የተፈነቀለው ማስቀመጫ አለበት፤ ኖራው ተለቅሞ።